ትንፋሽ ሲያጥር ሳንባን አትክሰሱ፦ በሐዋሳ ጠዋቶች ልባችን ምን ይሠራል?

ሐዋሳ ላይ ጠዋት መሮጥ የጥቂቶች ልማድ መሆኑ ቀርቷል። ገና ሳይነጋ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ያለው የሐይቁ ዳርቻ በሯጭና በእግረኛ ይሞላል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወጣቱ፣ ጎልማሳውና ጡረተኛው ተቀላቅሎ ታቦር ተራራን ሲወጣ ይታያል። በኮሪደር ልማት የሰፉት የእግረኛ መንገዶችም ከቤት በር ጀምሮ ለመራመድ ሰበብ ሰጥተዋል። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። የማያስደስተው፣ የሚሮጠው ሰው ሲበዛ ስለ ሩጫ የሚወራው ነገር እዚያው የነበረበት ቦታ መቅረቱ ነው። ታቦር መሐል ላይ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ጎንበስ ያለን ሰው ምን እንደሆነ ብትጠይቁት መልሱ የታወቀ ነው፦ «ሳንባዬ አልቻለም።» ጓደኛው ደግሞ ከላይ ሆኖ «በአፍንጫህ ሳብ! ሳንባህን ክፈተው!» ይለዋል።

ሳንባው ግን ምንም አልሆነም። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ እዚያው ዳገት ላይ ብታደርጉለት፣ ጤነኛ ሰው ከሆነ ቁጥሩ አሁንም 90ዎቹ ውስጥ ነው። ማለትም ከሳንባው የሚወጣው ደም ኦክስጅኑን ጠግቦ እየወጣ ነው። ሳንባ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ያንቀሳቅሳል፤ በብርቱ ሩጫ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል፣ ያስወጣል፤ እንዲያም ሆኖ ገና ትርፍ አቅም አለው። እጥረቱ ያለው ያንን የጠገበ ደም ወደ ታፋና ወደ ባት በማድረሱ ላይ ነው። ጡንቻው የሚደርሰው ኦክስጅን ከሚፈልገው ሲያንስ ያለ ኦክስጅን ጉልበት ማውጣት ይጀምራል፤ በዚህ ሂደት አሲድ ይጠራቀማል፤ ደሙ አሲዱን ሲያረግብ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ አንጎል ይህን ሲያይ «ቶሎ ቶሎ ተንፍስ» ብሎ ያዛል። ማለክለካችን የሚመጣው ከዚህ ነው። ሳንባው ትእዛዝ ፈጻሚ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም።

ስለዚህ ጀማሪውን ዳገት መሐል የሚያስቆመው፣ የበቆጂውን ሯጭ ደግሞ ሽቅብ የሚያስፈተልከው ዋናው ልዩነት ልብ በአንድ ምት የሚረጨው የደም መጠን ነው። ይህ አንድ ነገር ከገባን በምን ፍጥነት መሮጥ እንዳለብን፣ ሩጫ ስንጨርስ ለምን ወዲያው መቀመጥ እንደሌለብን፣ የትኛው ድካም ሐኪም እንደሚፈልግ አብሮ ይገባናል።

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ እጅ የሚያህል፣ ከ250 እስከ 350 ግራም የሚመዝን ጡንቻ ነው። አንድ ነው እንላለን እንጂ በሥራው ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ፓምፖች ነው። ቀኙ ከመላ ሰውነት የተመለሰውንና ኦክስጅኑ የቀነሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ከሳንባ የመጣውን ተቀብሎ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ያደርሳል። ሳንባ ቅርብ ነው፣ የእግር ጥፍር ሩቅ፤ በዚህም የተነሳ የግራው ግድግዳ ወፍራም ነው፤ የሚፈጥረው ግፊትም ከቀኙ አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ቫልቭ የሚባሉት አራቱ የልብ በሮች ደሙ ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንዳይሄድ ይጠብቃሉ። ሐኪሙ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው «ዱብ ዱብ» የእነዚህ በሮች መዘጋት ነው።

በዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሁለቱን ሲያባዙት በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ይመጣል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጠቅላላው ያለው ደምም 5 ሊትር አካባቢ ነው። ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ እንኳ ደማችን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ዙር ይጨርሳል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው ሥራው ደም እንደሚዘዋወር ያሳመነው በዋናነት በእንዲህ ዓይነት ቀላል ስሌት ነው። ከእሱ በፊት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የገነነው የጋለን ትምህርት፣ ደም ከምግብ ጉበት ውስጥ ይሠራል፣ አካል ጋ ሲደርስ ተበልቶ ያልቃል የሚል ነበር። ሃርቪ አሰላው፦ ልብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያወጣው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ ከበለጠ፣ ይህን ያህል ደም ከየትኛው ምግብ ሊሠራ ይችላል? ያው ደም ተመልሶ ካልመጣ በስተቀር ሒሳቡ አይገጥምም። ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በምን እንደሚሻገር ግን አላየም፤ ማይክሮስኮፕ አልነበረውም። ድልድዮቹን፣ ካፒላሪ የሚባሉትን እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ እ.ኤ.አ. በ1661 እንቁራሪት ሳንባ ላይ አገኛቸው። አንዳንዶቹ ከመጥበባቸው የተነሳ ቀይ የደም ሕዋሶች በውስጣቸው የሚያልፉት አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ ያውም ተጣጥፈው ነው። የዝውውሩ ዓላማ የሚፈጸመውም እዚህ ነው፤ ኦክስጅንና ምግብ ወደ ሕዋስ ይገባል፣ ቆሻሻው ይወጣል። ሌላው ሁሉ መንገድ ነው።

አሁን ሩጫውን እንጀምር። የልብ ምት ከመሮጣችን በፊት ነው የሚጨምረው፤ ጫማ ስናስር፣ ውድድር ከሆነም መነሻው መስመር ላይ ስንቆም አንጎል ቀድሞ ያዛል። በዕረፍት ጊዜ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን እንደ ልጓም ይዞት ይቆያል። የመጀመሪያው ጭማሪ፣ እስከ 100 አካባቢ ያለው፣ በዋናነት ይህ ልጓም ሲላላ የሚመጣ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ሌላው ነርቭና አድሬናሊን በብዛት የሚገቡት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የደሙ ክፍፍል ይገለበጣል። ቁጭ ስንል ጡንቻዎቻችን በሙሉ ተደምረው የሚደርሳቸው ልብ ከሚረጨው ከ15 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው። በብርቱ ሩጫ ግን 80 በመቶና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። የሚቀነሰው ከጨጓራና አንጀት፣ ከጉበት እና ከኩላሊት ነው። የአንጎል ድርሻ ብዙም አይነካም።

ይህን ማን ያከፋፍለዋል? ግማሹን ነርቭ፣ ግማሹን ጡንቻው ራሱ። የሚሠራ ጡንቻ ይሞቃል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሲድና ፖታሲየም ያወጣል፤ እነዚህ አጠገቡ ያሉትን ትንንሽ ደም ቅዳዎች እንዲከፈቱ ያደርጋሉ። ሥራ ፈቶ የተቀመጠው ጡንቻ ይህን ስለማያወጣ መንገዱ እንደተዘጋ ይቆያል። ጭንዎ ሲሮጥ ክንድዎ ደም አይሻማውም። ጥጋብ ላይ መሮጥ ሆድን የሚያውከውም ከዚሁ ክፍፍል የተነሳ ነው፤ አሞራ ገደል ወርዶ አንድ ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ የበላ ሰው አንጀቱ ለራሱ ደም ይፈልጋል። ሁለት ሰዓት ያህል መታገሥ ነው። ማሟሟቂያም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የደም ሥሮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ ይሰጣል። አምስትና አሥር ደቂቃ ተራምዶ የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር አይጨንቀውም።

ብዙ ጊዜ የማይወራለት ክፍል መመለሻው ነው። ልብ የተመለሰለትን እንጂ የሌለውን አይረጭም። ከቆመ ሰው እግር ደም ሽቅብ መውጣት አለበት፤ በደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ ትንሽ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ባት ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ባት ሲኮማተር በመሐሉ የሚያልፉትን ደም መልሶች ይጨምቃቸዋል። በውስጣቸው ያሉት ትንንሽ በሮች ወደታች ስለማያሳልፉ ደሙ የሚሄድበት ወደ ላይ ብቻ ነው። ትንፋሽም ያግዛል፤ ስንስብ ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ደሙ ወደዚያ ይሳባል።

ፍቅር ሐይቅ ላይ በየጠዋቱ የሚታየውን ስህተት የሚያስረዳውም ይኸው ነው። ወጣቱ የመጨረሻውን 200 ሜትር በሙሉ ኃይሉ ይበርና ልክ እንደደረሰ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወይም የሐይቁ ዳር ግንብ ላይ ይቀመጣል። የእግሩ ደም ሥሮች ገና ወለል ብለው እንደተከፈቱ ናቸው፤ ባቱ ግን መጭመቁን አቁሟል። ደሙ እግር ላይ ይቀራል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል። በግድ ደግፈው ሊያቆሙት የሚሞክሩ ጓደኞች ደግሞ ያባብሱበታል፤ የወደቀ ሰው አጋድሞ እግሩን ከፍ ማድረግ ነው የሚሻለው። ከሩጫ በኋላ አምስት ደቂቃ መራመድን ሰው ለጡንቻ ህመም ማስታገሻ ያስበዋል፤ ከጡንቻው ይልቅ የሚጠቅመው ለልቡ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ልብ በደቂቃ የሚረጨውን ደም የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የምቱ ብዛትና በአንድ ምት የሚወጣው መጠን። የምት ጣሪያ አለ፤ በግምት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ይባላል፤ ከሰው ሰው በ10ና በ12 ምት ወዲህም ወዲያም ሊል ይችላል። ይህ ጣሪያ በልምምድ አይነሳም። የሃያ ዓመት ተማሪና የሃያ ዓመት ኦሊምፒያን ጣሪያቸው ያው 200 አካባቢ ነው። ስለዚህ የሚለያዩት በሁለተኛው ነው። ልምምድ የሌለው ሰው በብርቱ ሩጫ ጊዜ በአንድ ምት ከ100 እስከ 110 ሚሊ ሊትር ገደማ ይረጫል፤ ታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮች ከ160 እስከ 200 ይደርሳሉ። ሲባዛ የመጀመሪያው በደቂቃ 20 ሊትር ያህል፣ ሁለተኛው ከ32 እስከ 40 ሊትር ነው። የታቦር ዳገት ላይ የሚታየው ልዩነት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ምቱን ማፋጠን ብቻ ለምን እንደማያዋጣ ለማየት በርሜል ውኃ በጣሳ የሚቀዳን ሰው ማሰብ ይበቃል፦ እጁን ካቻኮለ ጣሳው ሳይሞላ ይወጣል። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ አንዱ ዙር ከ0.8 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የመሙያ ጊዜ ነው። በደቂቃ 180 ሲሆን ሙሉ ዙሩ ራሱ 0.33 ሰከንድ ነው፤ ለመሙላት የሚተርፈው ከዚያ እጅግ ያንሳል። የሠለጠነ ልብ ይህን በሁለት መንገድ ያሸንፋል፤ ግድግዳው ስለሚለጠጥ በአጭር ጊዜ ብዙ ይቀበላል፣ የግራው ክፍልም ራሱ ሰፍቷል። ልብ ደግሞ በደንብ በተሞላ ቁጥር በኃይል የሚኮማተር ጡንቻ ነው፤ ይህ ባሕርይ በተመራማሪዎቹ ስም የፍራንክና የስታርሊንግ ሕግ ይባላል።

ልምምድ ይህን እንዴት ያመጣል? መጀመሪያ የሚለወጠው ልብ ሳይሆን ደሙ ነው። በተከታታይ በሮጥን በጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ፕላዝማ የሚባለው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ የሚመለሰው ስለበዛ ልብ ይበልጥ ይሞላል። ብዙ ጀማሪ በሦስተኛው ሳምንት «ቀለለኝ» የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የልብ ክፍሉ መስፋት፣ በጡንቻ ውስጥ የካፒላሪዎች መብዛት፣ ኦክስጅንን የሚያቃጥሉት የሕዋስ ክፍሎች፣ ሚቶኮንድሪያዎች፣ መጨመር ወራትን ይፈልጋል። ውጤቱ ቤት ውስጥ ይለካል፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት። 76 የነበረው ከጥቂት ወራት በኋላ 64 ከሆነ ልቡ ያንኑ 5 ሊትር በትንሽ ምት እያደረሰ ነው።

የተገላቢጦሹን ያሳየ ታዋቂ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርዱ ቆዩ። ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው ከሩብ በላይ ወረደ፤ በዋናነት የወረደውም ልብ በአንድ ምት የሚረጨው መጠን ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች በ50 ዓመታቸው ሲለኩ፣ የ30 ዓመት እርጅና ያደረሰባቸው ጉዳት የሦስቱን ሳምንት አልጋ አላህልም አለ። የስድስት ወር ልምምድ ደግሞ በዕድሜ ያጡትን አቅም መለሰላቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ የለበትም፦ በ50 ዓመታቸው የተመለሰላቸው አቅም በዋናነት የመጣው ጡንቻዎቻቸው ከደሙ ኦክስጅን የመውሰድ ችሎታቸው በመጨመሩ እንጂ ልባቸው ብዙ መርጨት በመጀመሩ አልነበረም። ልብን ማስፋት በወጣትነት ይቀላል። ጎልማሳው ግን ጡንቻው በኩል ያለው በር ክፍት ነው፤ ውጤቱም ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ዓይን የከተማችንን አሯሯጥ ስመዘን፣ ብዙው ሰው በጣም ይፈጥናል ባይ ነኝ። ታቦር ላይ አንድ የሃምሳዎቹን ዕድሜ የተሻገሩ አባት ፊታቸው ቀልቶ፣ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ሲሮጡ፣ ከኋላ የመጡ ወጣቶች «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ተራራው የትም አይሄድ!» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። «አይ ልጆቼ፣ ካላላበኝ ስፖርት አይመስለኝም» አሉ፣ ሳይቆሙ። ይህ እምነት ሰፊ ነው። ልብ ግን በአንድ ምት የሚረጨውን ወደ ላይኛው ጣሪያ የሚያስጠጋው በመካከለኛ ሩጫ ላይ ሳለ ነው፤ ልምምድ ለሌለው ሰው ከዚያ በላይ ፍጥነት የሚጨምረው በአብዛኛው ምቱን ነው። ልብ ተሞልቶ መርጨትን የሚለማመደው በሶምሶማ ነው፤ ከጓደኛ ጋር እያወሩ፣ መዝፈን ግን በማይቻልበት ፍጥነት። ለ50 ዓመት ሰው ይህ በደቂቃ ከ110 እስከ 130 ምት ገደማ ነው። ፈጣን ልምምድ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሯጮቻችን ያለ እሱ አይሆኑም። መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያ ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሶች የሚመክረውም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እሁድን ጠብቆ አንዴ ታቦርን በመጨፍለቅ ይህ አይሞላም።

«ከፍታው ነው የሚያደክመን» የሚሉም አሉ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካሉ ከተሞች 18 በመቶ ያህል ያንሳል። ይሄ ለእንግዳ ይሰማል፤ እዚህ ለኖረ ሰው ግን ሰበብ አይሆንም፤ አዲስ አበባ 2,350፣ በቆጂ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ እየተሮጠ ነው። ስለ ከፍታ ሲወራ «የደጋ ሰው ደሙ ብዙ ነው» የሚባለውም ቢሆን ጥናት ሲገባበት አልጸናም። ሲንቲያ ቢል የተባለችው አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት፣ ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ በወንዶቹ ላይ በአማካይ በዴሲ ሊትር 15.9 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ባሕር ወለል ላይ ካለ ሰው ብዙም አይለይም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት በተመሳሳይ ከፍታ ደማቸው በቀይ ሕዋስ ይወፍራል። የእኛዎቹ ሳይወፍርባቸው ኖረዋል።

ሐዋሳ ላይ ከከፍታው ይልቅ ሙቀቱ ነው ቁም ነገሩ፤ በተለይ የካቲትና መጋቢት። ሰውነት ሲሞቅ ደም ወደ ቆዳ ይላካል፤ ጡንቻም ይፈልጋል፣ ቆዳም ይፈልጋል። በላብ ደግሞ ፕላዝማው ይቀንሳል፣ የሚመለሰው ያንሳል፣ አንድ ምት የሚረጨው ይወርዳል። ልብ ጉድለቱን በምት ብዛት ይሞላል፤ ስለዚህ ፍጥነታችን ሳይጨምር የምታችን ቁጥር እየወጣ ይሄዳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በ135 ምት የሮጡትን መንገድ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ በ155 ቢሮጡት የሰነፉ አይምሰልዎ። በጾም ወቅት ውኃ ሳይቀምሱ የሚሮጡም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሩጫውን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ቢያስጠጉት ይሻላቸዋል፤ ፈሳሹ ወዲያው ይተካል።

ደም ብዛት ያለባቸው ሰዎች ጥያቄ የተለየ ቦታ ይገባዋል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ግማሽ የሚጠጉት አያውቁትም ነበር። ስንሮጥ የላይኛው ቁጥር ይወጣል፤ 120 የነበረው 160፣ 180 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። የታችኛው ግን ባለበት ይቆያል ወይም ትንሽ ይወርዳል፤ የጡንቻ ደም ሥሮች ስለተከፈቱ ነው። ከጨረስን በኋላ ደግሞ ለሰዓታት ከቀድሞው በታች ይቆያል። ይህ ሲደጋገም፣ ግፊት ያለበት ሰው የላይኛው ቁጥሩ በአማካይ ከ5 እስከ 8 ነጥብ ይቀንስለታል። መድኃኒት አይተካም፤ አብሮ ሲሄድ ግን ብዙ ነው።

ጂም ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነው። ከባድ ብረት ሲነሳ የተወጠረው ጡንቻ ደም ሥሮቹን ይጨፈልቃቸዋል፤ በዚያ ላይ ሰውየው ትንፋሹን ይይዛል። ሁለቱም ቁጥሮች አንድ ላይ ይተኮሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ውስጥ በሰውነት ገንቢዎች ላይ ደም ቅዳ ውስጥ በገባ መለኪያ በተደረገ ጥናት፣ በሁለት እግር ከባድ ክብደት ሲገፋ 480 በ350 የደረሰ ሰው ነበር። ለጤነኛ ወጣት ለሰከንዶች ያህል ብቻ ስለሆነ ያልፋል። ግፊቱን ያልተቆጣጠረ የ55 ዓመት ሰው ግን «ልጆቹ ካነሱት እኔ ምን ያንሰኛል» ማለት የለበትም። ብረት አይንካ አይባልም፤ ቀላሉን ደጋግሞ፣ ሲገፋ እያስወጣ፣ ትንፋሹን ሳይዝ። እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ምቱ በመድኃኒቱ ስለሚያዝ የድካሙን ልክ በቁጥር አይመዝን፤ በንግግሩ ይመዝን። ከሰዓት ጫት ቅሞ ማታ ኳስ የሚጫወተውም ይወቀው፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ ምትንም ግፊትንም ያወጣል፤ ልብ ሳይሮጥ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ስፖርት ልብስ የማያወጣውስ? እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶችን ሠራተኞች አወዳድሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሹፌሮች ይልቅ በልብ ደም ሥር ሕመም የሚጠቁት በጣም ያነሱ ሆነው ተገኙ። ሐዋሳ የባጃጅ ከተማ ናት፤ ባጃጅ ደግሞ ረዳት እንኳ የለውም፣ ሁሉም ተቀማጭ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት መሪው ላይ የሚውል ወጣት ተራ ሲጠብቅ ወርዶ አሥር ደቂቃ ቢራመድ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ማሽን ላይ የምትውለው እህትም በየሰዓቱ ተነስታ በእግሯ ጣቶች ከፍ ዝቅ ብትል፣ ባቷ ያንን የተኛ ደም ወደ ላይ ይገፋዋል። ማታ የሚያብጠው ቁርጭምጭሚት ብዙ ጊዜ የዚህ ደም ጉዳይ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ልባቸው ጤነኛ ለሆነ ነው። ሁሉም የትንፋሽ ማጠር ግን የልምምድ ማነስ አይደለም። የደም ማነስ ያለባት ሴት ልቧም ሳንባዋም ደህና ሆኖ ደሟ የሚሸከመው ኦክስጅን ያንሳል፤ ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚደልቀው ጉድለቱን በብዛት ለመሙላት ነው፤ ሩጫ ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያስፈልጋት። ከዚያ የከፋው በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ የሚታየው፣ በቸልታ ከታለፈ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የግራው በር ጠቦ ከሆነ ደሙ ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ሲሮጥ ግን የመሙያው ጊዜ ያጥራል፤ ያላለፈው ደም ወደኋላ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። እኩዮቹ በማይደክሙበት የሚደክም፣ ማታ ጋደም ሲል የሚያፍነው፣ ሲሮጥ ራሱን የሚስት፣ ደረቱን የሚጨመድደው ወይም ሲያስል ደም የሚተፋ ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ከቡድን አይባረርም፣ «ይለምደዋል» ተብሎም ዳገት አይገፋም። ሐኪም ደረቱን አዳምጦ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ እስኪያዝለት ድረስ ሜዳው ዳር ይቀመጥ።